ምሥጢሩን አይንገሩኝ፦ ጎንደር ላይ የንግድ ምሥጢር ሕግ ማስተማር

ተማሪዎቼ ሊመረቁ ሲቃረቡ ወደ ቢሮዬ ብቅ ይሉና ይጠይቁኛል። «መምህር፣ አእምሯዊ ንብረት እንጀራ ይሆናል?» ደፈር ያሉት ደግሞ ይጨምራሉ። «የንግድ ምሥጢር የሚባለውንስ የሚያጠና ሰው ምን ይሠራል?» በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ለእነሱም፣ አዲስ ለተቀጠሩ ልጅ እግር መምህራንም ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

እዚህ ሕግ የተማረ ሰው ሐሳቡ የታወቀ ነው። መሬት፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ ወንጀል። ፍርድ ቤቱም የሚውለው በእነዚህ ነው። እኔም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ማስተማር ስጀምር የተሰጠኝ የውል ሕግ ነበር። አእምሯዊ ንብረት የደረሰኝ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ነው። ፍቅሩ የመጣው ከኋላ ነው።

ኮርሱ ውስጥ ፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ ብቸኛ መብት)፣ የቅጅ መብትና የንግድ ምልክት ብዙ ሰዓት ይወስዳሉ። የንግድ ምሥጢር፣ ማለትም ነጋዴ ከተፎካካሪው ደብቆ የሚጠቀምበት መረጃ፣ መጨረሻ ላይ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ተሯሩጦ የሚታለፍ ርዕስ ነው። ምክንያት አለው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አዋጅ አላቸው። ፈጠራ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይገዛል። ድርሰትና ሙዚቃ በ410/1996፣ የንግድ ምልክት በ501/1998። የንግድ ምሥጢር ግን ራሱን የቻለ አዋጅ የለውም። ፍለጋ ይጠይቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውስጥ ያልተገባ የንግድ ውድድር የሚለው ክፍል አለ። እዚያ ላይ የሌላውን መረጃ ያለባለቤቱ ፈቃድ፣ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ መያዝ፣ መጠቀም ወይም ለሌላ መግለጥ ተከልክሏል። የወንጀል ሕጉም የንግድና የኢንዱስትሪ ምሥጢር ስለማውጣት የሚናገረው አለው። የቀረው በሥራ ውልና በአጠቃላይ የውል ሕግ ውስጥ ነው የሚገኘው። እኔን የያዘኝ ይኼው መበታተኑ ነው። አንዱን ከሌላው እያገናኘሁ ሳነብ ስንት ሌሊት እንደነጋብኝ አላውቅም።

ዓለም አቀፉ መለኪያ ከንግድ ጋር የተያያዙ የአእምሯዊ ንብረት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 39 ላይ አለ። ስምምነቱ ትሪፕስ በሚል ምህጻር ይታወቃል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አንድ መረጃ እንዲጠበቅ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ በዘርፉ ያሉ ሰዎች በቀላሉ የማያውቁት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዋጋ ያገኘው ምሥጢር በመሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ምሥጢርነቱን ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጓል። ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም ነው። እኔ ማስተማር ስጀምር አባል ስላልነበረች አንቀጽ 39 አያስገድዳትም ነበር። ቢሆንም ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ሦስቱ ነጥቦች ገበያ ውስጥም ይሠራሉ።

አንዴ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እናቴ በርበሬ አዘገጃጀቷን ለማንም አትናገርም፤ የንግድ ምሥጢር ነው?» አለኝ። «ትሸጣለች?» አልኩት። «ኧረ አትሸጥም» አለ። ከኋላ የተቀመጠችው «ሙያ በልብ ነው» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሁለተኛውን ነጥብ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ሥራ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ መልመድ ያለበት ምሥጢሩን አለመጠየቅ ነው። የሕግ ባለሙያ ልማዱ ሁሉንም ነገር መስማት ነው። እዚህ ግን የኛ ሥራ አጥሩ ነው፤ ግቢው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገንም። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት ናቸው። ታሪኩን የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ሰፈሩንና አንዳንድ ዝርዝሩን ቀይሬ ነው።

እኒህ እናት ለብዙ ዓመት አብራቸው የሠራች ልጅ ወጥታ ከእሳቸው ብዙም ሳትርቅ የራሷን ጠጅ ቤት ከፈተች። ደንበኛው ለሁለት ተከፈለ። ለነፃ የሕግ ድጋፍ ሲመጡ የጠየቁኝ «ፓተንት አውጣልኝ» ብለው ነው። አጣጣሉን ከሀ እስከ ፐ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። «እማማ፣ አጣጣሉን አይንገሩኝ» አልኩ። ገረማቸው። «ታዲያ ምኑን ልትሟገትልኝ ነው?» አሉኝ።

ፓተንት ለምን እንደማይሆን አስረዳኋቸው። ፓተንት ውል ነው ማለት ይቻላል። መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ መብት ይሰጥሃል፤ አንተ በምላሹ አሠራሩን ሌላ ባለሙያ ደግሞ ሊሠራው በሚችልበት ደረጃ ዘርዝረህ ትገልጣለህ። በእኛ አዋጅ ጊዜው 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመራል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ነው። በዚያ ላይ ፈጠራው ለዓለም አዲስ መሆን አለበት። ጠጅ ደግሞ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊትም ይጠጣ ነበር። «ጽፌ ብይዘውስ?» አሉ። የቅጅ መብት የሚጠብቀው ጽሑፉን ነው። ያንን አንብቦ ጠጅ የሚጥለውን ሰው አይከለክልም።

ከዚያ የእኔ ጥያቄዎች ተከተሉ። ጌሾውን ማን ይለካል? የመጨረሻው ሥራ ሲሠራ በሩ ይዘጋል ወይስ ክፍት ነው? ልጅቷ ስትቀጠር ምን ተባለች? ሌላ ማን ያውቃል? መልሳቸው ልብ የሚሰብር ነበር። ማድ ቤቱ ለሁሉም ክፍት ነው። የተባለም የተጻፈም ነገር የለም። «እንደ ልጄ ነው የያዝኳት፤ ልጅን ምን ብዬ ላስፈርም?» አሉኝ።

በሕግ ዓይን ጉዳዩ ደካማ ነበር። ሦስተኛው ነጥብ፣ ጥንቃቄው፣ የለም። ከዚህም ሌላ አንድ ትልቅ መስመር አለ። ሠራተኛ ሥራ ላይ ያዳበረችው ጠቅላላ ሙያ የራሷ ነው። ማር መምረጥ፣ ጋን ማጠን፣ መፍላቱን በጠረኑ መለየት፣ እነዚህ ከእጇ ሊወሰዱ አይችሉም። አሠሪው የኔ ሊል የሚችለው የተለየውንና በጥንቃቄ የተያዘውን መረጃ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው እማማ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ?»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነጥብ ላይ ልቤ ወደ ልጅቷም ያዘነብላል። የንግድ ምሥጢር ሕግ ድሃ ሠራተኛን ከሙያዋ ማገጃ ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያው ብዬ ነው የማስተምረው። ከባልደረቦቼ መካከል ግን የማይስማሙ አሉ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ልጅቷ ለደንበኞች «የእሳቸው ቤት ቅርንጫፍ ነው» ትል እንደነበር ስንነጋገር ወጣ። ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው። ደንበኛን ማደናገር ያልተገባ የንግድ ውድድር ነው። ምሥጢሩን ሳንነካ የምንይዘው ነገር አገኘን ማለት ነው። ክስ ግን አልመሠረትንም። ሽማግሌ ገባበት። ልጅቷ የቤቷን ስም ለየች፤ ቅርንጫፍ ማለቱም ቀረ። እማማ ደግሞ የቤታቸውን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተስማሙ። ምዝገባው 7 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ስም እስከታደሰ ድረስ ይኖራል፤ ፓተንት ግን ጊዜው ሲያልቅ አለቀ። አሁን የመጨረሻውን ቅመራ ራሳቸው ብቻቸውን ነው የሚሠሩት።

ፓተንት ብለው የሚመጡ ሰዎች በአብዛኛው የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ የንግድ ምልክት ነው የሚፈልገው። ለወፍጮ ወይም ለምጣድ አነስተኛ ማሻሻያ የሠራ ልጅ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ይበቃዋል፤ እሱ 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ብዙው ግን ዝም ማለት ነው የሚያስፈልገው። ዝምታው ግን ሥርዓት ይፈልጋል።

ተመራማሪ መሆን ለሚፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በንግድ ምሥጢር ላይ የፍርድ ውሳኔ እየለቀምኩ ጽሑፍ እጽፋለሁ ብላችሁ ከተነሣችሁ ቶሎ ትደክማላችሁ። እኔ የማውቃቸው ክርክሮች በአብዛኛው እንደ ጠጅ ቤቱ ቤት ውስጥ ነው የሚያልቁት። ደግሞም ክስ ማለት መዝገብ ነው። ምሥጢሬን ተወሰድኩ የሚል ሰው ምን እንደተወሰደበት ማስረዳት አለበት፤ መዝገቡን ያየ ሁሉ ሊያውቀው ነው። ስለዚህ ምንጫችሁ ሰው ነው። አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የባህል ሐኪም።

የባህል ሐኪሞችን ሰው «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» እያለ ቢያቃልላቸውም ምሥጢር አጠባበቅ ላይ የሚደርስባቸው አላየሁም። ቃለ መጠይቁን የምጀምረው «ዕፀዋቱን አልጠይቅዎትም» ብዬ ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ ለማን እንደሚያወርሱት፣ ረዳት ሲኖራቸው የቱን ደረጃ እንደሚያሳዩትና የቱን እንደሚደብቁት እጠይቃለሁ። አንደኛው ሽማግሌ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ የማይጠቀሙበትን ሥርና ቅጠል ጭምር ይገዛሉ። የሚከታተላቸው ሰው የትኛው ለመድኃኒቱ እንደሆነ እንዳይለይ ነው። ደርቆ ተወቅጦ ካልሆነ ረዳት ፊት አይቀርብም። ተገቢ ጥንቃቄ የሚለውን ሐረግ ለተማሪ ሳስረዳ ከየትኛውም የውጭ አገር ፍርድ ይልቅ ይህን ነው የምጠቅሰው።

እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለን ሰዎች ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የፋርማሲ ወይም የምግብ ሳይንስ ተማሪ ወደ ገጠር ወርዶ አሠራሩን ጠይቆ ይመለሳል። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ቅጠሉን፣ መጠኑን፣ አዘገጃጀቱን ይዘረዝራል። ጽሑፉ በይፋ ይቀርባል፤ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። በዚያች ቀን ምሥጢሩ ሞተ። ተማሪው ክፋት የለበትም፤ አማካሪውም እንደዚያው። ስለዚህ የሌላ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችሁን ተወዳጁ፤ ጽሑፉ ከመቅረቡ በፊት እንዲያማክሯችሁ ለምኗቸው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (ማለትም አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998ንም አብራችሁ አንብቡ። የማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ የቅድሚያ ፈቃድ የሚጠይቀው እሱ ነው። የአንድ ቤተሰብ ምሥጢርና የማኅበረሰብ ዕውቀት የት ላይ እንደሚለያዩ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ዶክትሬት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ርዕስ አልጠቁምም።

የጤፍ ነገርም ሁልጊዜ ይነሣል። ተማሪዎች «ኢትዮጵያ በሆላንዱ ኩባንያ ላይ ተከራክራ አሸነፈች» ብለው ነው የሚመጡት። እንዲያ አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሠረ። ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ አልፎ ቆየ። በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ ማለትም ለዘርፉ ባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ነው ብሎ ነው፤ ክርክሩም በሆላንድ ኩባንያዎች መካከል ነበር። ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን ሳይለዝብ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞች ጉዳይ ላይ ግን መንግሥት ራሱ በንግድ ምልክት መንገድ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቡ።

ንግድ ቤቶችን መምከር ለሚፈልግ የጎንደር ትልቁ የንግድ ምሥጢር ምግብና መድኃኒት ብቻ እንዳይመስለው። የገዢና የሻጭ ስም ዝርዝር ነው። ሰሊጥ የሚነግድ ሰው መተማ ላይ ማን ጥሩ እህል እንዳለው፣ ማን በስንት እንደሚለቅ፣ ማን በዱቤ እንደሚታመን ያውቃል። ይኼ ሁሉ ያለው የጸሐፊው ስልክ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ወጥቶ ተፎካካሪ ጋ ሲቀጠር ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ለነጋዴዎች የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ስለዚህ አጭር ናት። ሲም ካርዱ በድርጅቱ ስም ይውጣ፤ ሠራተኛው ሲለቅ ይመልስ። እሷን ብቻ ያደረገ ሰው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

የምሥጢር ጥበቃ ውል ስታረቅቁም የእንግሊዝኛ ናሙና ገልብጣችሁ አታምጡ። ባለ አሥራ አምስት ገጽ ውል ጋጋሪ አያነብም፤ ያላነበበውን ደግሞ አያከብርም። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ዓይነት መረጃ እንደሆነ በስሙ ጥሩት፤ ይዘቱን ግን አትጻፉ፤ ምስክር ሆኖ የሚፈርመው ጎረቤት ያነበዋልና። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠበቅ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ምን እንደሚመልስ ጻፉ። የሠራተኛው ሆኖ የሚቀረውን ሙያም በግልጽ አስገቡ። አሠሪዎች ይህን የመጨረሻውን አይወዱትም። እኔ ካልገባ አላረቅም እላለሁ።

ስለ ትምህርቱ ጉዞ ብዙ አልልም። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አካዳሚ በርቀት የሚሰጠው መግቢያ ኮርስ ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ደህና በሆነ ሰሞን ጨርሱት። የድርጅቱ የሕጎች ማኅደር የብዙ አገሮችን ሕግ በነፃ ያሳያል። ለማስተርስ ዚምባብዌ ሙታሬ የሚገኘው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከድርጅቱ ጋር የሚሰጠው ፕሮግራም አለ። ከሁሉ በፊት ግን የውልና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን በደንብ ያዙ። ፓተንት ብቻ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዘርፍ ግማሽ ሰው ነው። ለደረጃ ዕድገት ስትሉ ገንዘብ ተቀብሎ ጽሑፋችሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያትም መጽሔት ላይ አትጻፉ፤ ስማችሁን ነው የምትሸጡት።

እንጀራው? የመምህር ደሞዝ የታወቀ ነው። ማማከሩ አልፎ አልፎ ይደጉማል፤ አብዛኛው የንግድ ምልክትና ውል ነው። ከተማዋ ጠባብ ናት፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። አራዳ ላይ ቡና ስትጠጡ የደንበኛን ጉዳይ ያነሣችሁ ቀን ሥራው አለቀ። አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ንግድ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያውን ሰው አሠራር ካወቅሁ በኋላ ሁለተኛውን መምከር አልችልም ነበር፤ ለምን እንደማልችልም ልነግረው አልችልም። «ጊዜ የለኝም» ብዬ መለስኩት፤ የሚከፍለው ደግሞ ደህና ገንዘብ ነበር። ሰውየው ተቀይሞኝ ሌላ ጠበቃ ጋ ሄደ። አሁንም ፒያሳ ላይ ስንተላለፍ ሰላም አይለኝም። ወንድሙ ግን ባለፈው ዓመት የራሱን ውል ይዞ መጣ።